ጥንት ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም

በደብራችን የኃምሳኛ ዓመት ኢዮቤልዩ በዓል ላይ ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ንግግር



ይህች ደብር ከተመሠረተች ኃምሳ ዓመት ሲሞላት በዚህ ጉባኤ ፊት ቆሜ እንድናገር ስለ ፈቀዳችሁልኝ አስቀድሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የበዓሉ አዘጋጆች የንግግሩን ርእስ ለእኔ ምርጫ ስለ ተዉልኝ ብዙ ቀን ሳስብ ቆየሁ። በመጨረሻ ግን አሳቡን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚሁ ከአዳራሻችን ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ክርክር አድርገው ነበር። የክርክሩም ነገር የሕዝብ ጉዳይ በብዙ ሰው ድምፅ ቢወሰን ይሻላል ወይስ በጥቂት ዐዋቂዎች ምክር የሚል ነበረ። አንደኛው ወጣት ተነሥቶ አፍላጦንን፥ ማለት ዛሬ ፕላቶ የምንለውን ሊቅ ጠራ፤ መርከብን ሊነዳ የሚገባው የባሕርን ጥበብ የተማረ ነው እንጂ በመርከበኞች ጩኸት የተሾመ አይደለም የሚለውንም ምሳሌ አመጣ። ሁለተኛውም ተነሥቶ የአቴናን ከተማ ጠራ፤ ሕዝቡ ራሱ በሸንጎ ተሰብስቦ በሚወስንበት ዘመን ያች ከተማ በጥበብና በሥነ ሕንፃ ምን ያህል ከፍ እንዳለች ተናገረ። ለሁለቱም ተጨበጨበላቸው። ነገሩ ግን ከነበረበት አንዲት ጋት እንኳ ፈቀቅ አላለም። በዚያን ጊዜ አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ፥ ዕድሜያቸውን በሙግት ያሳለፉ አንድ አረጋዊ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፥ «ልጆቹ ምስክር መቁጠሩን ዐውቀዋል፤ ምስክሩን የጠየቀው ግን የለም» አሉኝ።

የዛሬው ንግግሬ የእኒህን አረጋዊ ቃል ማብራራት ነው። የውጭ አገርን ነገር ስናገር ዓመቱን በኤውሮፓ አቆጣጠር እናገራለሁ፤ ዓ.ም. ባልሁ ጊዜ ግን የእኛን አቆጣጠር ማለቴ እንደ ሆነ ይታወቅልኝ።

ሰው በክርክር ጊዜ የጥንት ሰዎችን ስለምን ይጠራል? ምክንያቱ ሁሉ ክፉ አይደለም። አንደኛ፥ ከብዙ ዘመን በፊት የሞተ ሰው በእኛ ጠብ ውስጥ የለበትም፤ ጉቦ አይበላም፥ ለዘመድም አያደላም፤ ስለዚህ ቃሉ ንጹሕ ሆኖ ይታየናል። ሁለተኛ፥ ሁለት ሺህ ዓመት አልፎ የደረሰን ቃል ብዙ ትውልድ ፈትኖ ያልጣለው ስለ ሆነ ክብር ይገባዋል። ሦስተኛ ደግሞ የጥንት ሰው ስም ተናጋሪውን ከፍ ያደርገዋል፤ «እኔ እላለሁ» ከማለት «አርስጣጣሊስ እንዲህ ይላል» ማለት ያስፈራልና። የፊተኞቹ ሁለት ምክንያቶች እውነት አለባቸው፤ ሦስተኛው ግን ፈተና ነው።

ዳሩ ግን የሞተ ሰው ጉቦ አይበላም ስንል አንድ ነገር እንዘነጋለን፤ የሞተ ሰው «እኔ እንዲህ አላልሁም» ብሎ መቃወምም አይችልም። ማንም እንደ ወደደ ይጠራዋል፤ የወደደውን አናግሮ የቀረውን አፉን ይይዘዋል። በአገራችን በቀድሞው ሙግት ባለ ጉዳይ ምስክር ሲቆጥር ተቃራኒው ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። ምስክሩ ያየውን ነው ወይስ የሰማውን የሚናገረው? ከቃሉስ የተሸሸገ የለምን? የሚመሰክርበት ነገርና የተያዘው ነገርስ አንድ ነውን? እያለ ይጠይቅ ነበር። ፍርዱን የሚሰጠው ግን ምስክሩ አይደለም፤ ዳኛው ነው። እንግዲህ በእነዚህ በሦስቱ ጥያቄዎች የጥንትን ምስክርነት እንመርምር።

የመጀመሪያው ጥያቄ ምስክሩ በእውነት ይህን ብሏልን፥ ያለውስ አይቶ ነውን የሚል ነው።

ስለ ሕዝብ ሥልጣን የሚናገሩ ሰዎች አብዝተው የሚጠቅሱት የአቴናው መሪ ፔሪክለስ በጦርነት ለሞቱት ሰዎች ቀብር አደረገው የሚባለውን ንግግር ነው። ይህን ንግግር ጽፎ ያቆየልን ቱኪዲደስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ነው። ይኸውም ሰው ሐቀኛ ስለ ነበረ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ የተናጋሪዎቹን ቃል አንድ በአንድ ይዞ ማቆየት እንዳልተቻለው፥ ስለዚህም የነገሩን ጠቅላላ አሳብ ጠብቆ በየጊዜው ሊነገር የሚገባውን እንደ ጻፈ ገልጧል። ጸሐፊው ራሱ ይህን ከነገረን፥ ዛሬ አንድ ተከራካሪ ተነሥቶ የፔሪክለስ ቃል እንዲህ ነው ብሎ ቢምል ከጸሐፊው ይልቅ ደፋር መሆኑ ነው። ሶቅራጥስም አንድ መጽሐፍ እንኳ አልጻፈም፤ ስለ እርሱ የምናውቀውን የነገሩን ሌሎች ናቸው፤ ይልቁንም አፍላጦንና ክሴኖፎን። ይህ ሁሉ ንግግሮቹን ዋጋ አያሳጣቸውም፤ ምስክሩ በሌላ ሰው አፍ እንደሚናገር ግን ያሳስበናል።

አይቶ ነውን ለሚለው የሕክምና ታሪክ መልካም ምሳሌ ይሰጠናል። ገሊኖስ የተባለው የጽርእ ሐኪም በሁለተኛው መቶ ዓመት ብዙ መጻሕፍት ጻፈ፤ ከእርሱም በኋላ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ በአረብም በኤውሮፓም ሐኪሞች ዘንድ እንደ ዳኛ ሆኖ ኖረ። ነገር ግን በዘመኑ የሰውን ሬሳ ከፍቶ መመርመር የተለመደ ስላልነበረ ገሊኖስ የመረመረው ዝንጀሮንና ሌሎች እንስሶችን ነበረ። ቬሳሊዩስ የተባለው ሐኪም በ1543 ስለ ሰው አካል የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ፥ ገሊኖስ ሁለት ነው ያለው የሰው የታችኛው መንጋጋ አንድ አጥንት እንደ ሆነ አሳየ። ቬሳሊዩስ ገሊኖስን የናቀ ሰው አልነበረም፤ ከሁለት ዓመት በፊት የገሊኖስ መጻሕፍት ሲታተሙ በማረሙ ሥራ ተካፍሏል። አክብሮ አነበበው፤ አክብሮም መረመረው። ገሊኖስ ራሱ ዐይቶ የሚጽፍ ሰው ስለ ነበረ፥ መንገዱን የተከተለው ቃሉን ሳይመረምር የደገመው ተማሪ ሳይሆን መንጋጋውን በእጁ ይዞ የተመለከተው ቬሳሊዩስ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከምስክሩ ቃል የተሸሸገ የለምን የሚል ነው። ለዚህ ከአርስጣጣሊስና ከባርነት የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም፤ በዚህ ነገር የሰው ደም አለበትና።

አርስጣጣሊስ ስለ መንግሥት አስተዳደር በጻፈው መጽሐፍ በመጀመሪያው ክፍል አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሮ ለባርነት የተመደቡ ናቸው ብሏል። ይህ ቃል ከጻፈው ሰው ዘመን በኋላ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ወደ ሙግት ተጠራ። የእስፓኝ ንጉሠ ነገሥት ካርሎስ አምስተኛ በ1550 እና በ1551 በቫያዶሊድ ከተማ ሊቃውንትን ሰብስቦ፥ በአዲሱ ዓለም ያሉትን ሕዝቦች በጦር አስገድዶ መግዛት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን አስመረመረ። ሴፑልቬዳ የተባለው ሊቅ ይገባል አለ። እርሱም የአርስጣጣሊስን የአስተዳደር መጽሐፍ ወደ ሮማይስጥ ተርጉሞ በ1548 ያሳተመ፥ መጽሐፉን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበረ። በእርሱ ፊት የቆመው ቀድሞ በቺያፓስ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው በርቶሎሜ ደ ላስ ካሳስ ነው። ላስ ካሳስ ከነዚያ ሕዝቦች ጋር ብዙ ዓመት ኖሮ ከተማቸውን፥ ሕጋቸውንና እርሻቸውን በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ አርስጣጣሊስ አረመኔ ያላቸው ሰዎች እነዚህ እንዳይደሉ ከራሱ ከአርስጣጣሊስ ቃል ተከራከረ፤ ከዚህም አልፎ የፈላስፋው ቃል ባልንጀራህን ውደድ ከሚለው ትእዛዝ ጋር ከተጣላ ፈላስፋውን ማሰናበት ይገባል አለ። ዳኞቹ የተገለጠ ፍርድ ሳይሰጡ ተለያዩ። ላስ ካሳስም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም፤ ቀድሞ ጥቁር ሰዎች በባርነት ወደዚያ አገር እንዲመጡ መክሮ ነበርና ኋላ ስለዚህ መጸጸቱን ጽፏል።

ከዚያም ሦስት መቶ ዓመት ቆይቶ፥ ከ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አስቀድሞ፥ በደቡቡ ክፍል ለባርነት የሚከራከሩ ጸሐፊዎች ያንኑ አርስጣጣሊስን እንደ ገና ጠሩት፤ ከእነርሱም አንዱ የቨርጂኒያው ጆርጅ ፊትስሂዩ ነው። ግሪክና ሮም በባሮች ሥራ ላይ ቆመው ይህን ያህል ሥልጣኔ ከሰጡን ባርነት እንዴት ክፉ ይሆናል ይሉ ነበር።

አሁን ምስክሩን እንጠይቀው። አርስጣጣሊስ ያን ቃል በጻፈበት በዚያው ክፍል፥ ባርነት ከተፈጥሮ የመጣ አይደለም፥ በሰው ሕግ ብቻ የቆመ ነው፥ በጉልበትም የተያዘ ስለ ሆነ ትክክል አይደለም የሚሉ ሰዎች በዘመኑ እንደ ነበሩ ራሱ ጽፏል። አሳባቸውን አልተቀበለም፤ ነገር ግን አልሸሸገም። እንግዲህ «የጥንት ሰዎች ባርነትን ትክክል ነው ብለዋል» የሚለው ቃል ከጥንቱ መጽሐፍ ግማሹን ቀዶ የጣለ ነው። ጥንት አንድ አፍ አልነበረውም፤ እንደ እኛው ይከራከር ነበር። ደግሞም ዲዮጋንስ ላኤርትዮስ የተባለው ጸሐፊ ያቆየው የአርስጣጣሊስ ኑዛዜ ከባሮቹ አንዳንዶቹ ነፃ እንዲወጡ ያዛል። በሞቱ ጊዜ ያደረገውን ትቶ በሕይወቱ የጻፈውን ብቻ የሚጠቅስ ሰው ምስክሩን አላከበረም።

ሦስተኛው ጥያቄ የምስክሩ ነገርና የእኛ ነገር አንድ ነውን የሚል ነው። በዚህ የወጣቶቻችን ክርክር ወደ ነበረበት ወደ አቴና እንመለስ፤ ይኸው ክርክር በእንግሊዝ አገር ከወጣቶቻችን በፊት ተደርጓልና።

ዊልያም ሚትፎርድ የተባለ የእንግሊዝ ምክር ቤት አባል ከ1784 ጀምሮ የግሪክን ታሪክ በብዙ ክፍል ጻፈ። ይህ ሰው የሕዝብን አገዛዝ ይፈራ ነበር፤ የፈረንሳይም ሁከት በ1789 በተነሣ ጊዜ ፍርሃቱ ባሰበት። ስለዚህ በመጽሐፉ አቴናን የሁከት ከተማ አድርጎ ሣላት። ከእርሱ በኋላ ጆርጅ ግሮት የተባለ የባንክ ሰው ተነሣ፤ እርሱም በምክር ቤት ተቀምጦ ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ ሲከራከር የኖረ ነው። ግሮት ከ1846 እስከ 1856 በዐሥራ ሁለት ክፍል የግሪክን ታሪክ ጽፎ፥ አቴናን በነፃነት የምትመካከር ከተማ አድርጎ አሳየ። ልብ አድርጉ፤ ሁለቱም ያነበቡት እነዚያኑ መጻሕፍት ነው። አንደኛው ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 በሕዝብ ዳኞች ድምፅ መገደሉን ያጎላል፤ ሁለተኛው ይህን የመሰለ ሰው ሰባ ዓመት ያህል በዚያች ከተማ በነፃነት ሲናገር መኖሩን ያጎላል። ሁለቱም እውነት ነው። የተጣሉት ግን ስለ አቴና ሳይሆን ስለ ሎንዶን ነበር። የምስጢር ድምፅ በእንግሊዝ አገር ሕግ የሆነው በ1872 ነው፤ ሕግ የሆነውም አቴና ስለ ፈረደች አይደለም፤ ባለ ርስት ጭሰኛውን፥ ባለ ፋብሪካ ሠራተኛውን ድምፁን እያየ ያስፈራራው ስለ ነበረ ነው እንጂ።

በአቴና ሸንጎ ሴቶች አልነበሩም፤ ባሮችም፥ በከተማይቱ የሚኖሩ መጻተኞችም አልነበሩም። እንግዲህ አቴና ለእኛ ዘመን ሕዝብ አገዛዝ መልካም ናት ወይም ክፉ ናት ብሎ የሚመሰክር ሰው፥ ሕዝብ የሚለው ቃል በዚያና በዚህ አንድ እንዳይደለ አስቀድሞ ሊናገር ይገባዋል።

እስካሁን የተናገርሁት የሩቅ አገር ነገር ነው። አሁን ግን የጥንት ስም በእኛው በአባቶቻችን ላይ ወደ መሣሪያነት የተለወጠበትን ጊዜ ላንሣ።

ሙሶሊኒ በሮም ከተማ የጥንቱን የሮማን ግዛት ስፋት በእብነ በረድ ካርታ አሠርቶ በ1934 በታላቁ ጎዳና ዳር በግድግዳ ላይ አስለጠፈ፤ ካርታዎቹም አራት ነበሩ። ጦሩ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አገራችንን ወረረ። ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በሰገነቱ ላይ ቆሞ የሮማ ግዛት ከዐሥራ አምስት መቶ ዓመት በኋላ ተመለሰ ብሎ ዐወጀ፤ በዚያውም ዓመት ኢትዮጵያ ያለችበት አምስተኛ ካርታ ከአራቱ ጋር ተጨመረ። በ1937 የአውግስጦስ ቄሣር ሁለት ሺህኛ የልደት ዓመት ነው ተብሎ ታላቅ የትርኢት በዓል ተከፈተ። በዚያው ዓመት ከአክሱም 24 ሜትር ያህል የሚረዝመው ሐውልት ተወስዶ በጥንቱ የሮማውያን የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ አጠገብ ቆመ። የጥንት ቄሣሮች ከግብፅ ሐውልት እየወሰዱ በሮም ያቆሙ ነበርና፥ እነርሱን መምሰሉ ነበር። ይህ በዓል በሮም ሲዘጋጅና ሲደረግ በእኛ አገር የሆነውን ታውቃላችሁ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው ፍጅትና በግንቦት ወር በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የወረደው ሞት በዚያው ዓመት ነው።

የተጠራው ምስክር ሮማ ነው። እንግዲህ ሮማን እንጠይቅ። ሮማ አክሱምን ገዝታ ታውቃለችን? ከቶ አልገዛችም። የሮማ ጦር በአውግስጦስ ዘመን ከግብፅ ወደ ደቡብ ዘምቶ ናፓታ ደርሶ ነበር፤ እርሱም ዛሬ ሱዳን በምንለው አገር የነበረው የመርዌ መንግሥት ነው። በዚያም ጊዜ የመርዌ መልእክተኞች በሳሞስ ደሴት ከአውግስጦስ ፊት በቀረቡ ጊዜ የለመኑትን እንደ ሰጣቸውና ግብሩን እንደ ተወላቸው ስትራቦን የተባለው ጸሐፊ ይናገራል። ልደቱ የተከበረለት አውግስጦስ ያደረገው ይህ ነው።

ከአክሱም ጋርስ? በአራተኛው መቶ ዓመት የሮማ ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ለዒዛናና ለወንድሙ የጻፈው ደብዳቤ ዛሬ ድረስ ይገኛል፤ ያቆየልንም ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ደብዳቤው ስለ አባታችን ስለ አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ የተጻፈና በሃይማኖት ክርክር የመጣ ነው፤ ቆንስጣንዮስ ለአርዮስ ወገን ያደላ ስለ ነበረ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተልኮ እንዲመረመር ይጠይቃል። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ የአክሱምን ነገሥታት የሚጠራቸው የተከበሩ ወንድሞች ብሎ ነው። ኋላም በስድስተኛው መቶ ዓመት ዮስጢንያኖስ በፋርስ ላይ እንዲያግዘው ወደ ንጉሥ ካሌብ መልእክተኛ እንደ ላከ ፕሮኮፕዮስ ጽፏል። እንግዲህ የሮማ ምስክርነት በሙሉ ቢሰማ፥ ሮማ አክሱምን እንደ ወዳጅ መንግሥት ለመነች እንጂ እንደ ግዛት አላዘዘችም። ሙሶሊኒ የጠራው ምስክር ቢጠየቅ ኖሮ ይመሰክር የነበረው ለተከሳሹ ነበረ።

ሐውልቱን በጦርነቱ ከተወሰዱት ንብረቶች ጋር በዐሥራ ስምንት ወር ውስጥ ልትመልስ ኢጣልያ በ1947 በሰላም ውል ተስማማች፤ የተመለሰው ግን በ1997 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. በአክሱም ተተክሎ ተመረቀ።

ክቡራን ሆይ፥ እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ይላችሁ ነበር። ነገር ግን የሰውን ምስክር ጠይቀን የራሳችንን ሳንጠይቅ ብንቀር አድልዎ ይሆንብናል። እኛስ የጥንት ስም ስንጠራ ምን እናደርጋለን?

በበዓል ንግግራችን ሁሉ ሆሜር ኢትዮጵያውያንን ነቀፋ የሌለባቸው ብሎ አመስግኗል እንላለን። ብሏል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የግሪክ ሰዎች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሰዎች አገር ሁሉ ነበረ፤ ሆሜርም በዓለም ዳር በምሥራቅና በምዕራብ የሚኖሩ ሁለት ወገኖች ናቸው ይላል። እርሱ የተናገረው በጆሮው ስለ ሰማው ሩቅ ሕዝብ ነው። ይህን ስም ነገሥታቶቻችን ለራሳቸው እንደ ተጠቀሙበት የሚያሳየን የዒዛና የግሪክኛ ጽሕፈት ነው፤ እርሱ ግን ከሆሜር ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በኋላ የተቀረጸ ነው። ስለዚህ የዒዛና ድንጋይ ከሆሜር መዝሙር የበለጠ ምስክራችን ነው፤ በአገራችን የቆመ፥ በእጅ የሚዳሰስ፥ የጻፈውም የታወቀ ነውና። የሆሜርን ምስጋና በደስታ እንቀበል፤ የርስት ደብዳቤ ግን አናድርገው።

በግዕዝ የሚገኘውንም የእስክንድርን ታሪክ ተመልከቱ። የመቄዶንያው እስክንድር የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 ነው፤ በግዕዙ መጽሐፍ ግን በሥላሴ የሚያምን፥ የሚጾምና የሚጸልይ ንጉሥ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህን የጻፉ አባቶች ሊያታልሉ አልፈለጉም፤ ታላቅ የተባለውን ሰው መልካም አድርገው ለትምህርት ሊያቀርቡት ወደዱ። ነገር ግን የወደድነውን የጥንት ሰው በራሳችን መልክ መሥራት የሰው ሁሉ ልማድ እንደ ሆነ፥ እኛም ከዚህ ውጭ እንዳልሆንን ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ የጥንትን ሊቃውንት እንተዋቸው ማለቴ ነውን? አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና በአርዮስፋጎስ ቆሞ ለአሕዛብ ሲሰብክ ከራሳቸው ባለ ቅኔዎች ጠቅሷል። ዳሩ ግን ነገሩን በባለ ቅኔው ላይ አላቆመም፤ እነርሱ የሚያውቁትን ቃል መግቢያ አድርጎ ወደ ራሱ ነገር አለፈ። ቅዱስ ባስልዮስም ለወጣቶች በሰጠው ምክር የግሪክን መጻሕፍት ሲያነቡ እንደ ንብ ይሁኑ ብሏል፤ ንብ በአበባ ሁሉ ላይ አታርፍም፥ ካረፈችበትም ሁሉን ነቅላ አትወስድም። የእኛም አባቶች በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መጽሐፈ ፈላስፋን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ መልሰው፥ በሶቅራጥስና በአርስጣጣሊስ ስም የተነገረውን ምክር አንብበዋል።

ከሁሉ ይልቅ ግን በጉባኤ ቤታችን ያለውን ልማድ አስቡ። መምህሩ አንድን ቃል ሲተረጉም አንዱን ፍቺ ከተናገረ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፥ እንደ ገናም «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያመጣል። ተማሪው ሁሉንም ይሰማል፥ ሁሉንም በቃሉ ይይዛል። ከጥንት አንዲት ቃል ቆርጦ «ይህ ነው፥ ሌላ የለም» የሚል ተከራካሪ ከዚህ ጉባኤ ቤት አልወጣም ማለት ነው። አርስጣጣሊስ ይህን አለ ከተባለ «አንድም በዘመኑ የተቃወሙት ነበሩ» የሚለው መከተል አለበት።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን ደብር አንድ ነገር ልበል። ኃምሳ ዓመት ለሰው ብዙ ነው፤ እኛም የራሳችን ጥንት መጥቶልናል። በስብሰባችን «መሥራቾቻችን እንዲህ ብለው ነበር» የሚለው ቃል እየበዛ ሄዷል። አንዱ፥ ይህን አዳራሽ የሠሩት ለድሆች ማዕድ ነው ይላል፤ ሌላው ለልጆች ትምህርት ነው ይላል፤ ሁለቱም በሞቱ ሰዎች ስም ይናገራሉ። ከመሥራቾቹ ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፥ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቃለ ጉባኤ በሣጥን ተዘግቶ ተቀምጧልና ይውጣ፤ ሁላችንም እናንብበው፤ የተወሰነውን ብቻ ሳይሆን ተቃውመው የተናገሩትንም እንይ። ሁለተኛ፥ የቀሩትን አረጋውያን ወጣቶቻችን ቤታቸው ድረስ ሄደው ይጠይቋቸው፥ ቃላቸውንም ይጻፉ። አርስጣጣሊስን ቤቱ ሄደን ልንጠይቀው አንችልም፤ እኒህን ግን ዛሬ እንችላለን፤ ነገ ላንችል ነው። ከዚያም በኋላ አዳራሹ ለማዕድ ይሁን ለትምህርት የምንወስነው እኛ ነን፤ የዛሬውን ድሀ የምናየው፥ የዛሬውንም ልጅ የምናሳድገው እኛ ነንና።

ክርክር ላደረጉት ወጣቶችም ይህን እላለሁ። ያን ክርክር ድጋሚ አድርጉት። አፍላጦንንም አቴናንም ጥሩ፤ ይህን ጊዜ ግን አንዳችሁ የአንዳችሁን ምስክር ጠይቁ። እኔም እኒያን አረጋዊ ይዤ መጥቼ ከፊት ተቀምጬ እሰማለሁ።

እግዚአብሔር በዓላችንን የሰላምና የበረከት ያድርግልን።